ሰው ሳይሞት የወጣ ድንኳን

«ሰው ካልሞተ ድንኳን አይወጣም» አሉ አቶ ወገኔ። ለእኔ አልነበረም ያሉት፤ ለሚስታቸው ነው። እኔ እዚህ ማዶ ከፍርስራሹ ውስጥ ተጎንብሼ መነጽሬን እፈልጋለሁ። በመካከላችን የነበረውን የቆርቆሮ አጥር ትናንት ነፋሱ ጠራርጎ ስለወሰደው፣ ጎረቤቶቼ ስንት ዓመት ሲንሾካሾኩበት የኖሩት ነገር ሁሉ ዛሬ ጠዋት እንደ ሬዲዮ ይሰማል። «መምህርት እኛ ዘንድ ትደር፤ ቤቷ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ ግን ማስተኛ የለንም። ያቺ ተከራይዋ ግን የእድር አባል አይደለችም፤ የሞተባትም የለ። ወደ ተፈናቃዮች መጠለያው ይመልሷት እንጂ በምን ደንብ ነው የለቅሶ ድንኳን የምናወጣላት?» ሚስታቸው ምን እንደመለሱ አልሰማሁም። አቶ ወገኔ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገር። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም። ብቻ ደንብ ካልያዙ ከቤት ወጥተው መንገድ መሻገርም አይሆንላቸው።

እኔ ንጋቷ እባላለሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ቤቴ ወደ አንኮበር በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ግድግዳው የድንጋይ ስለሆነ ቆሟል፤ ጣራው ግን የለም። ቆርቆሮው ከፊሉ ከመብራት ምሰሶው ላይ እንደ ነጠላ ተጠምጥሟል፣ ከፊሉ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ ቀና ስል ሰማይ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተበድሮ የገዛልኝ ቡፌ በአፉ ተደፍቷል፤ ፍራሾቹ ውሃ ጠጥተው ለሁለት ሰው አልነሳ ብለዋል። ይኼ ሁሉ ሆኖ የአቶ ወገኔን የጓሮ ጎመን እንኳ አልነካም። አውሎ ነፋስ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጠባብ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፣ ያንዱን ነቅሎ ያንዱን ይተዋል። የእኔን፣ ከእኔ ቀጥሎ የዝናሽን፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የእህል ወፍጮውን ጣራ አንስቶ፣ ከወፍጮው ወዲያ ያለውን ባሕር ዛፍ ከወገቡ ቆርጦ አለፈ። ቆርቆሮ የሚሸጡትም ወሬው ሲደርሳቸው ዋጋ ጨመሩ አሉ። የሰው መከራ ለአንዳንዱ ገበያ ነው።

ሰፈሩ ሰይጣን ነው ይላል። እኔ ሰይጣንን ሥራ ፈትቷል አልልም፤ ይኼኛው ግን የእሱ አይደለም። ትናንት ጠዋት ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። መሬቱ ሲግል ከሥር ያለው አየር ሞቆ እርጥበቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ከመንዝ በኩል የመጣ ብርድ ተኝቶበታል። ሙቁ ብርዱን ሰርስሮ ሲወጣ ደመናው እንደ ግንብ ይቆለላል። ታዲያ የታችኛው ነፋስ በአንድ በኩል፣ የላይኛው በሌላ በኩል ሲነፍስ፣ መካከል የቀረው አየር በጭንና በመዳፍ መካከል እንደገባ እንዝርት ይሽከረከራል። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ያንን ሽክርክሪት አቅንቶ ያቆመዋል። እየጠበበ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ጫፉ መሬት ነካ ማለት አለቀ፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይነሳል። ይህን ዛሬ ጠዋት ለዝናሽ ባስረዳት «እትዬ ንጋቷ፣ ታዲያ ይኼን ሁሉ ካወቅሽ ምነው ጣራሽን ቀድመሽ ሳትሸጭው ቀረሽ?» አለችኝ። ዝናሽ እንዲህ ናት፤ ጣራዋ ተነስቶ እንኳ አፏ አይዘጋም።

እንዝርቱን ከእማዬ ነው የወሰድኩት። እናታችን ማኅደረማርያም የአንኮበር ሴት ነበረች። ቤታችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ደጃፉ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል። በበጋ፣ ቀትር ላይ፣ ከሜዳው ላይ አዋራ ብድግ ይላል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ እየዞረ መሄድ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ይሆናሉ። እማዬ ጥጧን ይዛ ትወጣለች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዘሥላሴ ከግራና ከቀኟ እንሻጣለን። «ተመልከቱ፤ የቆላ ሴቶች መፍተል ጀመሩ» ትለናለች። ዘሥላሴ ያን ጊዜ የወተት ጥርሱ ገና አልረገፈም፤ በእኔ ጀርባ ነው ያደገው። «እማዬ፣ እኛንም ይወስዱናል?» ሲላት «የቆመውን ነው የሚወስዱ። ሲመጡብህ ከጎድጓዳ ግባና በደረትህ ተኛ፣ ራስህን በክንድህ ሸፍን» ትለዋለች። እሱም እዚያው በደረቱ ተኝቶ ያሳያታል። እማዬ ስትስቅ ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ኋላ አስተማሪ ሆኜ ስለ ነፋስ ባስተማርኩ ቁጥር እንዝርት ይዤ ክፍል እገባ ነበር፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር እንዝርት» ብለው ስም አወጡልኝ። ያቺ ደጃፍ ናፍቃኝ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እርግጥ የቆላው አዋራ ከመሬት የሚነሳ ነው፤ የትናንቱ ግን ከደመና የወረደ ነው። የሁለቱ ልዩነት የድመትና የነብር ነው።

ትናንት ከሰዓት በረዶ መጣል ጀመረ፤ ድንገት ደግሞ ቀጥ አለ። ሰማዩ የበሰበሰ ቅጠል መሰለ። ከዚያ ከወፍጮው በኩል የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ያለ ድምፅ መጣ፤ የሚመጣ መኪና ግን የለም። ሰው ሁሉ እናቱ ያስተማረችውን አደረገ። ዝናሽ በርና መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፈተችለት፤ እናቷ «ነፋስ እንግዳ ነው፤ መውጫ ካገኘ ቤት አያፈርስም» ይሏት ነበር። ነፋሱም ገባ፤ መውጫ ያደረገው ግን ጣራዋን ነው። የወፍጮው ሰዎች ቆርቆሮው እንዳይነሳ ብለው የጫኑት ድንጋይ ተመልሶ መኪናቸው ላይ ዘነበ። እኔ ደግሞ የእማዬን ያዝኩ፤ ከጎድጓዳ ግቢ፣ ዝቅ በይ። ተከራይዬን ሠናይትን ከእነሕፃኗ ጎትቼ ጓዳዬ ከተትኳት። ጓዳዬ መስኮት የሌለው፣ በአራቱም በኩል ድንጋይ የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። በሩን ቀርቅሬ ፍራሽ በላያችን ስበን ከወለሉ ተጣበቅን። ጆሯችን ደነቆረ። ጣራው ከላያችን እንደ ድስት ክዳን ሲነሳ ሰማሁት። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ሕፃኗ ብቻ ታለቅሳለች። ማልቀሷ ደስ አለኝ።

ሠናይት አራስ ናት፤ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷን አልደፈነችም። ከወለጋ ተፈናቅለው ነው የመጡት። እርጉዝ ሆና ሸራ ሥር ብርዱን አልቻለችውም፤ ባሏ ሙሉቀን አረርቲ ወርዶ የጉልበት ሥራ ይሠራል፤ በሚልከው ከጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራየችኝ። ትናንት ማታ ጓዳዬ ውስጥ ቁጭ ብለን አደርን። ኮርኒሱ ተሰንጥቆ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲወርድብን፣ እኔ ላስቲክ በራሴ ላይ ይዤ፣ እሷ ሕፃኗን በሆዷ ሸሽጋ ነጋ። ዛሬም ሰኔ ነው፤ ከሰዓት መዝነቡ አይቀርም። ሕፃኗ ከጠዋት ጀምሮ ታስላለች፤ ጡትም በደንብ አልያዘች። አንድ ደረቅ ጣራ ዛሬ ማታ ካላገኘሁላት ምን እንደሚመጣ እኔም አውቃለሁ፣ ሠናይትም ታውቃለች፤ አንዳችንም በአፋችን አላወጣነውም። ጠዋት መጠለያው ይሻልሽ እንደሆን ብላት «እትዬ፣ ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቷል። ደግሞስ ሸራ አይደል? ትናንት የመጣው ነገ እዚያ ቢመጣ ከየት ጎድጓዳ አገኛለሁ? ሙሉቀንስ ሲመጣ የት ብሎ ይፈልገኛል? ከቤቴ አንዴ ወጥቻለሁ፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ አቶ ወገኔ ለሚስታቸው ያሉትን ስሰማ መነጽሬን መፈለጉን ተውኩት። አጥር ስለሌለ በር መዞር አላስፈለገኝም፤ በጎመናቸው መካከል ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

«አቶ ወገኔ፣ የአባል እናት ስትሞት እድሩ ድንኳን ያወጣል አይደለም?»

«ያወጣል እንጂ። እስከ ሠልስት።»

«እንግዲያው እናቴ ሞታብኛለች።»

ሰውየው ሚስታቸውን አዩ። «ነፍሷን ይማረው፣ መምህርት። አራት ዓመት ሆናት እኮ።»

«ድንኳኗን ግን አልወሰድኩም። እርስዎ ራስዎ ካስማውን ተሸክመው መጥተው ከደጄ የመለስኩዎትን ረሱት?»

አልረሱትም። የሰፈሩም ሰው አልረሳው። እማዬ የሞተችው በነሐሴ ነው። ዘሥላሴ አንኮበር ቄስ ነው፤ እዚያው ከእሷ ጋር ነበር የሚኖር። ሞተች፣ ገነዟት፣ ቀበሯት፤ ለእኔ መርዶ የተነገረኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ሩቅ አገር አይደለም፤ ሚኒባስ ሁለት ሰዓት የማይፈጅበት መንገድ ነው። ዘሥላሴ «ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ ብነግርሽ በእግርሽ ትመጫለሽ፣ ገደል ይበላሻል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ለካ ለእኔ አስቦ ነው። የእናቴን ፊት ሳላይ አፈር አለበሳት። እድሩ ድንኳን ይዞ ሲመጣ «መልሱት፤ ያልቀበርኩትን ሰው አላለቅስም» አልኩ። አበደች አሉ። ጥቁር አልለበስኩም፣ ተዝካሯን አልሄድኩም፣ አንዲት እንባ አልወጣኝም። ዘሥላሴንም ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም። ስልኩ ሲጠራ አያለሁ፣ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ኋላ እሱም መደወሉን ተወው።

አቶ ወገኔ ከአንገታቸው ያለውን ቁልፍ ጨበጡ። ደንብ የሚወድ ሰው ደንብ ሲመጣበት ያመዋል። «እሺ፤ መብትሽ ነው፤ አልከለክልሽም» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን ስሚኝ። ለቅሶ ይሁን። የተከራይ ማሳደሪያ አድርገሽው ሰው ካየ ነገ ለክርስትናውም ለምርቃቱም ድንኳን አምጣ ይሉኛል፤ ሐዘንተኛ ሲመጣ ምን እሰጣለሁ? ከሰዓት መጥቼ አያለሁ። የሚለቀስበት ከሆነ እስከ ሠልስት ማንም አይነካብሽም። የማይለቀስበት ከሆነ ሳይመሽ አስፈታዋለሁ።» ጥሩንባ ነፊው ስሟን ጠርቶ ሰፈሩን ይዙር ወይ ብለው ሚስታቸው ቢጠይቁ፣ አይሆንም አሉ። ለአራት ዓመት ሙት ሰው በጥሩንባ አይቀሰቀስም። ያኔ ልክ መስሎኝ ነበር፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ድንኳኑ ከቀትር በፊት ተተከለ። ጎረምሶቹ ከዕቃ ቤት አምጥተው፣ ካስማ መትተው፣ ገመድ ወጥረው ግቢዬን ከጓሮ እስከ ደጅ ድረስ አለበሱት፤ አፉ ለአንኮበሩ መንገድ ሆነ። ከዝናሽ ቤት የተረፈ ደረቅ ፍራሽ ከጥግ አነጠፍን፤ በአግዳሚ ወንበርና በብርድ ልብስ ከልለን ሠናይትን ከእነሕፃኗ አስተኛናት። ብርድ ልብሱ ከቁም ሳጥኔ ሥር ያስቀመጥኩት ነው፤ እማዬ የሰጠችኝ የሱፍ ባና ነው፤ እንደ ጠዋት ጭቃ ከባድ ነው፤ ውሃ አላሳለፈም። ሠናይት አጠገቡ ስትተኛ «የበግ ሽታ አለው» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። ለካ በእነሱም አገር የበግ ሽታ ደስታ ነው። ዝናሽ ንፍሮ ቀቅላ አመጣች፤ ለቅሶ ያለ ንፍሮ አይሆንማ። ከዚያ ሁለታችን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለቅሶውን መጠበቅ ጀመርን። «ይኸው ድንኳን፣ ይኸው ንፍሮ፤ አልቅሺ እንጂ» አለችኝ።

ሞከርኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስድሳ ያለፋት ሴት ቁጭ ብላ ለማልቀስ ትሞክራለች። የእማዬን ፊት ላስብ አልኩ፤ የመጣልኝ ግን ስትስቅ የሚንቀጠቀጠው ትከሻዋ ነው። የእጇን መዳፍ አሰብኩ፤ እንዝርት እየተሻሸበት የጠነከረ፣ ፊቴን ስትጠርገኝ የሚኮረኩር። ቅዳሜ ገበያ ስትውል እኔና ዘሥላሴ አፋፉ ላይ ሆነን ከጥምዝምዙ መንገድ ላይ ከሰዎቹ ሁሉ ነጠላዋን ለመለየት እንሽቀዳደም ነበር። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያሸንፈኝ። ይኼ ሁሉ መጣልኝ፤ እንባው ግን አልመጣም። ደረቴ ውስጥ እንደ ተቆለፈ በር ቆሟል። ዝናሽ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ቆይታ «ሽንኩርት ላምጣልሽ?» አለችኝ። የቀረኝን ሐዘን ሳቅ ወሰደብኝ። ከብርድ ልብሱ ወዲያ ሠናይትም ስትስቅ ሰማኋት፤ ሕፃኗ ደግሞ ሳለች።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ማን እንደሞተ የተናገረ የለም። ድንኳን ግን በደጄ ቆሟል፣ በዚህ ግቢ የምኖረው እኔ ነኝ፣ ትናንት ደግሞ አውሎ ነፋስ መጥቷል። ሰው ምን ይበል? መጀመሪያ የመጣው ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ባንክ ይሠራል፤ ከእነክራቫቱ። ከበሩ ጀምሮ «ወይኔ ቲቸር፣ ወይኔ ቲቸር» እያለ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ገባ፤ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያይ «እንዴት ያለች ሰው አጣን» አለኝ። «እውነትህን ነው፤ ፈተናውን ግን ሦስት ጊዜ ነው የወደቅከው» ስለው ብድግ አለ፤ አማተበ፤ የሮጠው ሩጫ ተማሪ ቤት እያለም አልሮጠውም። ከዚያ አብራኝ ያስተማረች ጓደኛዬ ከሁለት ሴቶች ጋር መጣች፤ እኔን ስታይ ተናደደችብኝ፤ የታክሲዋንና የእንባዋን ልክፈላት? ሁሉንም ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቅመሱ፣ የእናቴ ነው እላለሁ። ይቀመጣሉ፤ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ፤ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ያወራሉ፤ «ነፍስ ይማር» ብለው ይሄዳሉ። የሚያለቅስ ግን የለም። እኔ በቁሜ ተቀምጬ እያየ ማን ያለቅሳል?

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተመልሶ መቆለል ጀመረ። የትናንቱ ዓይነት አልነበረም፤ ሥሩ የተስተካከለ፣ ግራጫ፣ ተራ የሰኔ ዝናብ ነው። ለጨቅላ ግን ተራ ዝናብ የለም። አቶ ወገኔ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ ለቅሶ ቤት የገቡ አልመሰላቸውም ማለት ነው። ተቀምጠው የነበሩትን አዩ፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር ስለ ልጅዋ ሠርግ ታወራ ነበር። ወደ ጥጉ፣ ወደ ብርድ ልብሱ አዩ። «መምህርት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሰው እየሳቀብን ነው። ገበያ ላይ ሞታ ተነሳች እያሉ ነው። የተባባልነው አለ፤ አታስቀይሚኝ። አንቺ እኛ ዘንድ ግቢ። ለልጅቷ መኪና ለምኜላታለሁ፤ ወደ መጠለያው ያደርሳታል።»

«ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ዝናብ መጣ እኮ፤ ሸራው ከራሰ ለዕቃ ቤትም አይሆንም።»

ከብርድ ልብሱ ወዲያ ሠናይት ስትነሳ ሰማሁ፤ ልብሷን እየሰበሰበች ነበር። ማንም ሳያዛት። እንዲህ ያለውን መነሳት ለምዳዋለች። ጎረምሳው የጥጉን ገመድ ከካስማው ፈታው፤ ሸራው በአንድ ወገን ዝቅ አለ፤ ነፋስም ገባ።

የአንኮበሩ ሚኒባስ ከደጅ የቆመው ይኼኔ ነው። መኪናውን የሚነዳው ብዙአየሁ ጠዋት ወደ አንኮበር ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ኖሯል፤ የሰማውን አይደለም፣ ያየውን ነው ይዞ ሄዶ ለወንድሜ የነገረው። የመኪናው በር ሳይከፈት ነው ድምፁ የተሰማኝ። አወቅሁት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጩኸት ውስጥ፣ አወቅሁት። ዘሥላሴ ጥምጥሙ ተፈትቶ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ መስቀሉን በእጁ ጨብጦ ወደ ድንኳኑ ሲመጣ ሰዎች ሊይዙት ሞከሩ፣ አልተያዘላቸውም። ከድንኳኑ አፍ ሲደርስ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በደረቱ።

«ወይ እታለሜ። በጀርባሽ ያሳደግሽኝ። ፊትሽን ሳላይ አፈር አለበሱሽ ወይ እናቴ። ሳልደርስልሽ ቀበሩሽ ወይ።»

የሠርግ ወሬ ታወራ የነበረችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ወገኔ ባሉበት ቆሙ። እኔ ከአግዳሚው ተነስቼ ሄድኩ፤ እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ትከሻውን ነካሁት። አልሰማኝም። ሽበት አብቅሏል፤ ማጅራቱ ላይ፤ እኔ ሳላየው። «ዘሥላሴ» አልኩት። «ዘሥላሴ፣ ቀና በል።»

ቀና አለ። አየኝ። ጩኸቱ በተከፈተው አፉ ላይ ቀረ። ከዚያ በሁለት እጁ ፊቴን ያዘ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን ዳሰሰ፤ እጁ ጭቃ ነበር።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ማን ነው ታዲያ የሞተው?»

«እማዬ ናት» አልኩት።

ጠዋት ለአቶ ወገኔ ስናገረው ለደንብ ነበር የተናገርኩት። አሁን ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ዘሥላሴ ድንኳኑን አየ፣ ንፍሮውን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ገባው። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ትንፋሹን ሰብስቦ ተናገረ፤ ለእኔ ብቻ ነበር የሚናገረው፣ ግን ሁሉም ይሰማ ነበር።

«መንገዱን ሙሉ የለመንኩት አንድ ነገር ነው። ሞታለችና መልሳት አላልኩም። ቀብሯ ላይ አድርሰኝ፣ ፊቷን አሳየኝ ብቻ ነው ያልኩት። ብዙአየሁን ንዳው፣ ንዳው እያልኩ። እያንዳንዷ ጥምዝ ላይ፣ ይኼኔ አፈሩን እየመለሱ ነው እላለሁ።» ከዚያ ዓይኔን እያየ «እታለሜ፣ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «እንዲህ ነበር።»

«አላወቅሁም። ያዳንኩሽ መስሎኝ ነው። በእማዬ መቃብር፣ አላወቅሁም ነበር።»

ያኔ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከሆዴ ነው፣ ከእግሬ ጥፍር ነው። እኔ ሳልሆን ሌላ ሴት የምትጮህ መሰለኝ። «ወይ እማዬ» አልኩ፤ «ወይ ፈታይዋ፣ ወይ ደጃፌ» አልኩ፤ ምን ያላልኩት አለ። ዘሥላሴ ከጭቃው ላይ ተነስቶ ያዘኝ፤ ሁለታችንም ስማችንን እስክንረሳ አለቀስን። ዝናሽ ደረቷን መምታት ጀመረች። አብራኝ ያስተማረችው ጓደኛዬ፣ ያቺ የተናደደችው፣ በእንባ ታጠበች። ከብርድ ልብሱ ወዲያም ለቅሶ ሰማሁ፤ ሠናይት ናት፤ እሷ የማንን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም፤ ወለጋ የቀሩ ብዙ አሏት።

አቶ ወገኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎረምሳው ገመዱን በእጁ እንደያዘ ምን ላድርግ እንደሚል ያያቸው ነበር፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ ተቀበሉት፣ ጎንበስ አሉና ራሳቸው ከካስማው ጋር አጥብቀው አሰሩት። ሁለተኛ ቋጠሮ ጨመሩበት። ከዚያ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «እስከ ሠልስት ነው» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ባይታወቅም። ለመጠለያው የተለመነውን መኪና ሚስታቸው ወጥተው መለሱት።

ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም ሥሩ ነበርን። ዘሥላሴ አራሷን አይቶ፣ ስሟን ጠይቆ፣ መስቀሉን በሁለቱም ላይ አሳረፈ፤ የራሱን ጋቢ አውልቆ ጭቃ ያልነካውን ወገን በሕፃኗ ላይ ደረበላት። ሕፃኗ ጡት ያዘች። ሠናይት ይዛለች ብላ በዓይኗ ነገረችኝ። ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ፤ ዝናሽ ንፍሮውን አነሳች። እኔና ወንድሜ አግዳሚው ላይ ቀረን፤ ልጆች ሳለን አፋፉ ላይ እንደምንቀመጠው፣ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ትተን። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሊነግረኝ ሲጀምር ጆሮዬን የያዝኩት ነገር ነበር። አሁን እኔው ጠየቅሁት።

«ንገረኝ፣ ዘሥላሴ» አልኩት። «እማዬ እንዴት ሞተች? አንድም ሳታስቀር ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ።»

ወደ ተውነው ቦታ ተጠግቶ እጄን ያዘና ነገረኝ።